ስምንት ቀለም ያለው ቃል

በእንግሊዝኛ የሕግ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢውን መሀል መንገድ ላይ ከሚያቆሙት ቃላት አንዱ «አንኮንስቲትዩሽናሊቲ» ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 19 ሆሄያት ይፈጃል፤ ሲነገር ስምንት ቀለም አለው። ቀለም ስል ገጣሚዎች ስንኝ ሲለኩ የሚቆጥሩትን፣ አንድ አናባቢ ይዞ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን የድምፅ ክፍል ማለቴ ነው። ቃሉ አንድ ሕግ፣ ውሳኔ ወይም አሠራር ከሕገ መንግሥት ጋር የሚቃረን መሆኑን ይገልጻል። የሕግ ተማሪ፣ የፍርድ ቤት ዜና የሚተረጉም ጋዜጠኛ፣ በውጭ አገር ችሎት የሚያስተረጉም ባለሙያ ሁሉ ይገናኙታል። ብዙዎቹ መጀመሪያውን ጮክ ብለው ጀምረው መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለምን ከበዳችሁ ቢባሉ መልሱ አንድ ነው፤ ቃሉ ረጅም ነው። ይህ መልስ ትክክል አይመስለኝም። ቃሉ የተገነባበት ቅደም ተከተል አለው፤ ከባድ የሚሆነው ያንን ቅደም ተከተል ሳያውቅ ከግራ ወደ ቀኝ ሆሄ በሆሄ ለሚለቅመው ሰው ነው። ቅደም ተከተሉን የያዘ አንባቢ ድምፁንም ትርጉሙንም ያለ መዝገበ ቃላት ያገኘዋል። ይህን በዚህ ምዕራፍ በማስረጃ ላሳይ እሞክራለሁ፤ ማስረጃው የሚያስቸግርበትንም ቦታ አልዘልለውም።

ርዝመት ብቻውን ችግር ቢሆን ኖሮ አማርኛ ተናጋሪው «ኢሕገመንግሥታዊነት» ሲል መደናቀፍ ነበረበት። ይህ ቃል ሲጻፍ 11 ፊደላት አሉት። ሲነገር ግን ኢ፣ ሕግ፣ ገ፣ መን፣ ግሥ፣ ታ፣ ዊን፣ ነት እያለ ይወጣል፤ «ገ» እና «ነ» ጠብቀው ስለሚነገሩ ግማሻቸው ከፊታቸው ላለው ቀለም ይሄዳል። ቢቆጠር ስምንት ነው፤ ከእንግሊዝኛው ጋር እኩል። አሠራሩም እጅግ ይቀራረባል። «ሕግ» እና «መንግሥት» በግእዙ የዘርፍ አያያዝ ተጣምረው «ሕገ መንግሥት» ሆኑ፤ «-አዊ» ቅጽል አደረጋቸው፤ ከግእዝ የመጣው «ኢ-» አሉታን ጨመረ፤ «-ነት» ደግሞ ሁሉንም የባሕርይ ስም አደረገው። በእንግሊዝኛው ቃል ውስጥ «-አል» የ«-አዊ»ን፣ «አን-» የ«ኢ-»ን፣ «-ኢቲ» የ«-ነት»ን ሥራ ይሠራሉ። ታዲያ በርዝመትም በአሠራርም የሚተካከሉ ሁለት ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪው አንዱ ቀላል፣ ሌላው ከባድ የሆኑበት ምክንያት ምንድን ነው? አንዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ሌላው የባዕድ ስለሆነ ነው ማለት እውነት ነው፤ ግን ከባዱ ነገር የት ላይ እንዳለ አይነግረንም። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ በአማርኛ ቅጥያ ሲጨመር የተቀረው የቃሉ ክፍል ባለበት ይቆያል፤ «መንግሥት» በ«መንግሥታዊነት» ውስጥም ያው «መንግሥት» ነው። በእንግሊዝኛ ግን አንዳንድ ቅጥያዎች ከኋላ መጥተው የቃሉን ሙሉ ድምፅ ያናውጣሉ። የሚያስቸግረው ይህ መናወጥ ነው፤ መናወጡም ሕግ አለው።

ከሥሩ እንጀምር። በላቲን «ስታሬ» መቆም ነው። ከእርሱ «ስታቱዌሬ»፣ ማቆም ወይም መትከል፣ ወጣ፤ «ኮን-» የሚለው መነሻ ቅጥያ ሲጨመርበት «ኮንስቲቱዌሬ»፣ ማለትም መመሥረት፣ ማቋቋም ሆነ፤ ስሙም «ኮንስቲቱቲዮ» ነው። እንግሊዝኛ ከዚሁ ቤተሰብ የሕግ ቃላትን በብዛት ወርሷል፤ «ስታቹት» ማለትም በምክር ቤት የወጣ ሕግ፣ «ኢንስቲትዩሽን» ተቋም፣ «ረስቲትዩሽን» የተወሰደን መመለስ ሁሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ርስቱ በአንድ ቀን አልመጣም። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የገዢዎቹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የመዝገቡ ቋንቋ ላቲን ሆነ። በ1362 የወጣ ሕግ በፍርድ ቤት የሚደረግ ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ቢያዝም፣ ላቲን ከእንግሊዝ የፍርድ ቤት መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በ1733 ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ፣ ዳኛው በሌላ ቋንቋ ስላሰቡ ነው ዛሬም የእንግሊዝኛ ኑዛዜ «ዊል ኤንድ ቴስታመንት» ተብሎ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚጠራው፤ የመጀመሪያው የአገሬው፣ ሁለተኛው የላቲኑ ነው። ይህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ቅጥያዎች በሁለት ጎራ የተከፈሉት በዚሁ ታሪክ ነው፤ የጀርመናዊው ዘር የሆኑት የጥንቶቹ አንድ ወገን፣ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡት ሌላ ወገን። ሁለቱ ወገኖች ደግሞ በድምፅ ላይ ያላቸው ሥልጣን እኩል አይደለም።

ልዩነቱን ለማየት ትርጉማቸው የሚቀራረብ ሁለት ቃላት እንውሰድ። «ሎውፉል» እና «ሊገል» ሁለቱም ሕጋዊ ማለት ናቸው፤ የመጀመሪያው የአገሬው፣ ሁለተኛው የላቲን ልጅ ነው። ከሁለቱ የባሕርይ ስም እናውጣ። «ሎውፉል» የጥንቱን «-ነስ» ወስዶ «ሎውፉልነስ» ይሆናል፤ ጫናው፣ ማለትም ተናጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚረግጠው ቀለም፣ በፊትም በኋላም «ሎው» ላይ ነው። ምንም አልተነካም። «ሊገል» ግን «-ኢቲ»ን ሲወስድ ጫናው ከመጀመሪያው ቀለም ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ «ሊ-ጋ-ለ-ቲ» ተብሎ «ጋ» ይረገጣል፤ ረጅም የነበረው «ሊ» ያጥራል፤ ደብዝዞ የነበረው የ«ገል» አናባቢ ደግሞ ጎልቶ ይወጣል። አንዲት ትንሽ ቅጥያ ሦስት ለውጥ አመጣች። «ፐርሰን» ላይ ጫናው መጀመሪያ ላይ ነው፤ «ፐርሰናሊቲ» ላይ ግን «ና» ላይ። «ፐብሊክ» ላይ መጀመሪያው ይረገጣል፤ «ፐብሊሲቲ» ላይ «ብሊ»፤ በዚያ ላይ የ«ክ» ድምፅ ወደ «ስ» ይለወጣል። ሕጉ አጭር ነው፦ «-ኢቲ» ከመጣ ጫናው ወዲያው ከፊቱ ባለው ቀለም ላይ ያርፋል። «-ሽን»ም ተመሳሳይ ሕግ አለው፤ ከፊቱ ያለውን ቀለም ያስረግጣል።

አሁን ረጅሙን ቃል ደረጃ በደረጃ ማስኬድ እንችላለን። ግሱ «ኮንስቲትዩት» ሦስት ቀለም ነው፤ የሚረገጠው የመጀመሪያው «ኮን» ነው። «-ሽን» ሲጨመር «ኮንስቲትዩሽን» ሆነና ጫናው ዘሎ ሦስተኛው ላይ፣ «ትዩ» ላይ አረፈ፤ የግሱ መጨረሻ የነበረው «ት»ም «ሽ» ሆነ። «-አል» ሲመጣ «ኮንስቲትዩሽነል» ሆነ፤ በዚህ ደረጃ ጫናው አልተንቀሳቀሰም፣ «ትዩ» ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ «-ኢቲ» መጣችና ጫናውን እንደገና ወደፊት ጎተተችው፤ ኮን፣ ስቲ፣ ትዩ፣ ሸ፣ ና፣ ለ፣ ቲ። ዋናው ጫና «ና» ላይ ነው፤ «ኮን» እና «ትዩ» ሁለተኛ ደረጃ ጫና ይዘው ይቀራሉ። «አን-» ከፊት ሲጨመርበት ስምንቱ ቀለሞች ይሞላሉ፤ ጫናው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በግሱ የተጀመረው ጉዞ ከመጀመሪያው ቀለም ተነሥቶ፣ መሀል ላይ አርፎ፣ ከመጨረሻው ሦስተኛ ላይ ደረሰ ማለት ነው። አሜሪካዊው «ትዩ»ን «ቱ» ይላል፣ እንግሊዛዊው «ትዩ»፤ የቀረው አንድ ነው።

በአማርኛ ጽሑፋችን «ኮንስቲትዩሽናል» ብለን በ«ና» መጻፋችን በዚህ ቦታ ልብ ሊባል ይገባዋል። ተናጋሪው በዚህ ቅጽል ውስጥ «ና» አይልም፤ የሚሰማው በ«ነ» ውስጥ ካለው የግእዝ አናባቢ ጋር የሚቀራረብ ደብዛዛ ድምፅ ነው። «ና» የሚያሰኘን በላቲን ፊደል የተጻፈው «ኤ» ነው። እንዲህ ያለው ነገር የእንግሊዝኛን አጻጻፍ የማይረባ አድርጎ ያስቆጥረዋል፤ የሚጻፈውና የሚነበበው አይገናኙም የሚል ቅሬታ የተማሪ ሁሉ ቅሬታ ነው። ነገር ግን «-ኢቲ» ሲጨመር ያ ደብዝዞ የነበረው አናባቢ በሙሉ ድምፁ፣ በ«ና» እና በ«ኔ» መካከል ባለ ድምፅ፣ ይገለጣል። ሆሄው በቅጽሉ ውስጥ ሲደበዝዝ ሳይለወጥ የቆየው በስሙ ውስጥ የሚፈለግ ስለሆነ ነው። የ«ሽን»ም ነገር እንዲሁ ነው፤ «ሽ» ብለን እያነበብን «ቲ» ብለን የምንጽፈው ከ«ኮንስቲትዩት» ጋር ያለውን ዝምድና ዓይን እንዲያየው ነው። ኖአም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ እንግሊዝኛ የድምፅ ሥርዓት ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ለቋንቋው ምቹ ወደሆነው ሥርዓት የቀረበ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል፤ ምክንያታቸው ፊደሉ የሚመዘግበው የቃሉን ሥር ነው፣ የላይኛውን ድምፅ የአንደበት ሕግ ያወጣዋል የሚል ነው። ለመላው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይህን መቀበል ይከብደኛል፤ ከአገሬው ቃላት ውስጥ ምንም ሥር የማይገልጡ ብዙ አጻጻፎች አሉ። ለላቲን ዘር ረጃጅም ቃላት ግን ክርክራቸው ጠንካራ ነው፤ የሕግ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሞላ ጎደል የተሠራው ከእነርሱ ነው።

ወደ «አን-» እንመለስ፤ ይህች ባለ አንድ ቀለም ቅጥያ የምዕራፉን ከባድ ጥያቄ ይዛለችና። እንግሊዝኛ ሁለት ታዋቂ የአሉታ መነሻ ቅጥያዎች አሉት። «አን-» የአገሬው ናት፤ «ኢን-» ከላቲን የመጣች። «ኢን-» ከምትገባበት ቃል ጋር ትዋሐዳለች፤ በ«ል» ፊት «ኢል-»፣ በ«ር» ፊት «ኢር-»፣ በ«ም» እና በ«ፕ» ፊት «ኢም-» ትሆናለች፤ ሕገ ወጥ ማለት የሆነው «ኢሊገል» ምስክር ነው። ከዚያም አልፋ ጫና የምትሰርቅበት ጊዜ አለ፤ «ፋይናይት» ውሱን ማለት ሲሆን ጫናው «ፋይ» ላይ ነው፤ «ኢንፊኒት» ሲባል ግን ጫናው «ኢን» ላይ ይወጣና የተከተሉት አናባቢዎች ያጥራሉ። «አን-» እንዲህ አታደርግም። «አንሎውፉል» ውስጥ «ን» ወደ «ል» ተለውጣ አትጻፍም፤ ጫናም ከማንም አትወስድም። ድምፁን ብቻ የሚያዳምጥ ሰው «አን-» ከውጭ የተለጠፈች፣ ቃሉ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ የመጣች ናት ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ልክ ከሆነ አሠራሩ መጀመሪያ «ኮንስቲትዩሽናሊቲ»፣ ከዚያ በላዩ «አን-» ነው።

ትርጉሙ ግን ሌላ ይናገራል። «አን-» በዋነኛነት የምትገባው በቅጽል ላይ ነው። «ኮንስቲትዩሽን» ስም ነውና «አንኮንስቲትዩሽን» የሚባል የተለመደ ቃል የለም፤ በአማርኛም «ኢሕገመንግሥት» አንልም፣ «ኢሕገመንግሥታዊ» እንላለን። ስለዚህ «አን-» የምትፈልገው ቅጽሉን «ኮንስቲትዩሽናል»ን ነው፤ «-ኢቲ» የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ አሉታ የገባበትን ቅጽል ስም ልታደርገው ነው። የቃሉ ፍችም ይህንኑ ይደግፋል፤ ሕገ መንግሥታዊ ያልሆነ ነገር ባሕርይ ማለት ነው እንጂ የአንድ ባሕርይ አለመኖር ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ «ትሩዝ» ከሚለው ስም «አንትሩዝ» ተሠርቶ የለም ወይ ብሎ የሚከራከር ይኖራል። አለ፤ እንደ እርሱ ያሉ ስሞች ግን ጥቂትና ብቻቸውን የቆሙ ናቸው። በ«-ኢቲ» ከሚያልቁት ስሞች መካከል «አን-» የያዙትን ብንመለከት ደግሞ ከጀርባቸው በ«አን-» የሚጀምር ቅጽል እናገኛለን፤ «አንፖፑላሪቲ» ካለ «አንፖፑላር» አለ። ስለዚህ በትርጉም «አን-» ከውስጥ፣ «-ኢቲ» ከውጭ ነው፤ በድምፅ «-ኢቲ» ከውስጥ፣ «አን-» ከውጭ። አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ተገነባ፤ ለጆሮ በአንድ ቅደም ተከተል፣ ለአእምሮ በሌላ።

የቋንቋ ሊቃውንት በዚህ ላይ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። ዶረቲ ሲገል እ.ኤ.አ. በ1974 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ቅጥያዎችን በሁለት መደብ ከፈለቻቸው፤ ጫና የሚያንቀሳቅሱት መጀመሪያ፣ የማያንቀሳቅሱት በኋላ ይገባሉ አለች። ፖል ኪፓርስኪ በ1982 ይህን ወደ ሙሉ የድምፅና የቃል ምሥረታ ንድፈ ሐሳብ አሳደገው። በዚህ ትምህርት መሠረት «አን-» ከ«-ኢቲ» በኋላ እንጂ በፊት መግባት አይገባትም ነበር። ለእኛ ቃል መንትያ የሆነው፣ ሰዋስዋዊ አለመሆን ማለት የሆነው «አንግራማቲካሊቲ» የመከራከሪያው ዋና ምሳሌ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ዴቪድ ፔሴትስኪ በ1985 የድምፁን አደረጃጀት እንዳለ ተወት አድርጎ፣ ለትርጉም ሲባል ቅጥያው በሌላ ደረጃ ቦታ ይለውጣል የሚል መፍትሔ አቀረበ። ከእነዚህ መፍትሔዎች የትኛው እንደሚያሸንፍ መፍረድ የዚህ መጽሐፍ ሥራ አይደለም፤ ለአንባቢው የሚጠቅመው ተቃርኖው ራሱ ነው። ቃሉን ጮክ ብሎ ሲያነብ «አን-»ን እንደ ተጨማሪ ትቶ ሰባቱን ቀለም መጀመሪያ ያበጅ፤ ፍችውን ሲፈልግ ደግሞ «አን-»ን ከቅጽሉ ጋር አጣምሮ «-ኢቲ»ን ከሁሉም በኋላ ይፍታ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው በሁለቱም ይሳሳታል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። አንድ የቺካጎ ወይም የለንደን ጠበቃ እነዚህን ሕጎች አያውቃቸውም፤ ግን ቃሉን አሳምሮ ይናገረዋል፤ ታዲያ ለተማሪው ምን ይረባዋል? እኔ የምለው ጠበቃው ሕጉን ስም ሰጥቶ አያውቀውም እንጂ ይሠራበታል ነው። አዲስ ቃል ቢሰጠው፣ በ«-ኢቲ» የሚያልቅ ሰምቶት የማያውቀው ቃል ቢያነብ፣ ጫናውን በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጠዋል። ያን ዕውቀት ያገኘው በልጅነቱ በሺህ ምሳሌ ነው። በጎልማሳነት ቋንቋውን የሚማር ሰው ያን ሁሉ ምሳሌ ለመስማት ጊዜ የለውም፤ ሕጉ የሺህ ምሳሌን ድካም ይቀንስለታል። ሌላው ተቃውሞ ሕጎቹ ልዩ ሁኔታ አላቸው የሚል ነው፤ እውነት ነው። «ኦቢስ» የሚለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለውን የሚገልጽ ቅጽል «ኦቢሲቲ» ሲሆን በሌሎች ቃላት «-ኢቲ» ፊት የሚያጥረው አናባቢ እዚህ ረጅም እንደሆነ ይቀራል። «ሪደቢሊቲ»፣ ተነባቢነት፣ ደግሞ በአገሬው ግስ ላይ የላቲኑን «-ኢቲ» ያስገባል፤ ሁለቱ ጎራዎች እንደታሰበው የታጠሩ አይደሉም ማለት ነው። ሆኖም በሁለቱም ምሳሌዎች የጫናው ሕግ አልፈረሰም፤ «ኦቢሲቲ» ላይ «ቢ»፣ «ሪደቢሊቲ» ላይ «ቢ»፤ ሁለቱም «-ኢቲ» ፊት ያሉ ቀለሞች ናቸው። የአናባቢው ሕግ ያፈስሳል፤ የጫናው ሕግ ይጸናል። ተማሪው ከሁለቱ የጸናውን ይያዝ።

መዝገበ ቃላት በዚህ ረገድ ሊያሳስት ይችላል። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ቃሉን በነጥብ ከፋፍለው ያትማሉ፤ ነጥቦቹ ግን ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲቆረጥ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚያመለክቱ የማተሚያ ቤት ምልክቶች ናቸው። በእነርሱ መሠረት «ሽን» እና «አል» ይለያያሉ፤ በአንደበት ግን «ን» ወደሚቀጥለው ተሻግራ «ሸ-ና» ይባላል። ነጥቡን እንደ ቀለም ወሰን ቆጥሮ ያነበበ ሰው «ሽን» ብሎ ቆሞ እንደ አዲስ «አል» ብሎ ይጀምራል። አማርኛ አንባቢው በዚህ ላይ የራሱን ልማድ ይጨምራል፤ በእኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት እኩል ስለሚታየው ስምንቱንም ቀለሞች እኩል ይረግጣቸዋል። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ቃሉን ከኋላ መገንባት ነው። መጀመሪያ ጫናውን ይዞ «ና-ለ-ቲ»፤ ያ ሲለመድ «ሸ-ና-ለ-ቲ»፤ ከዚያ «ትዩ-ሸ-ና-ለ-ቲ»፤ ከዚያ «ኮን-ስቲ» ይጨመርበታል፤ «አን» የመጨረሻ ትሆናለች። በእያንዳንዱ ደረጃ «ና» ከሁሉ ጎልታ መሰማት አለባት፤ «ሸ» እና «ለ» ደግሞ እስኪያጥሩና እስኪደበዝዙ ድረስ መፋጠን ይገባቸዋል። ከፊት የጀመረ ሰው መድረሻውን ሳያውቅ ይጓዛል፤ ከኋላ የጀመረ መድረሻውን ይዞ ይነሣል፤ ጫናውን የሚወስነው የመጨረሻው ቅጥያ ነውና።

ድምፁን ያገኘን ያህል ፍችውንም ከቁርጥራጩ እናገኛለን ብሎ መዝለል ግን አደገኛ ነው፤ እዚህ ላይ የራሴን ክርክር ራሴ ልገድበው። ቁርጥራጮቹ የሚነግሩን የቃሉን አጽም ነው፤ ሥጋውን የሰጠው ታሪክ ነው። ለሮም ሕግ አዋቂዎች «ኮንስቲቱቲዮ» ንጉሠ ነገሥቱ በአዋጅ፣ በፍርድ ወይም በደብዳቤ የደነገገው ማለት ነበር። በእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1164 በክላረንደን ያወጣቸውና የቤተ ክርስቲያንን የዳኝነት ሥልጣን የሚገድቡት 16 አንቀጾች «ኮንስቲትዩሽንስ» ተባሉ፤ ያኔም ቃሉ ገዢን የሚገድብ የበላይ ሕግ ማለት አልነበረም። ገዢው የሚያወጣው ድንጋጌ የነበረው ቃል ገዢውን የሚያስረው ሕግ ስም ለመሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ፈጅቶበታል። ቅጽሉም ቢሆን በሁሉም አገር አንድ አልሆነም። የእንግሊዙ የሕግ ሊቅ አልበርት ቬን ዳይሲ በ1885 ባሳተመው የሕገ መንግሥት ሕግ መጽሐፉ «አንኮንስቲትዩሽናል» የሚለው ቃል በሦስት አገር ሦስት ክብደት እንዳለው አስረድቷል። ለእንግሊዝ ፓርላማ አዋጅ ሲነገር የአገሪቱን ሥርዓት መንፈስ ይጻረራል የሚል ወቀሳ ነው፤ አዋጁ ግን ሕግ መሆኑ አይቀርም። ለፈረንሳይ ሲነገር በተጻፈው ሕገ መንግሥት ላይ የተፈጸመ ጥሰት መሆኑን ያሳያል፤ ሕጉ በችሎት ይሻራል ማለት ግን አልነበረም። ለአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ ሲነገር ዋጋ የለውም ማለት ነው። የዚህ የመጨረሻው ፍች መሠረት ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል በየካቲት 1803 በማርበሪና በማዲሰን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው፤ የ1789ኙ የፍርድ ቤቶች ሕግ አንድ ክፍል ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናልና ፍርድ ቤቱ አይሠራበትም ብሎ ወሰነ። ስምንቱን ቀለም በትክክል ማንበብ ይህን ልዩነት አይነግርም። ቅጥያዎቹን የፈታ አንባቢ ጥያቄውን ያውቃል፤ መልሱን ከየአገሩ ሕግ መፈለግ አለበት።

አሁን ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ይቅረብ። የሕግ ቋንቋ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚሉ ሰዎች፣ ይህን ቃል ማንበብ ከማስተማር ይልቅ ከነአካቴው መተው አይሻልም ወይ ይላሉ። ጥያቄያቸው ትልቅ ክብደት አለው። ዴቪድ ሜሊንኮፍ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሕግ ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ የጠበቆችን አላስፈላጊ ድግግሞሽና ያረጁ ቃላት በጥብቅ ተችቷል፤ በአሜሪካም በ2010 የወጣ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ቋንቋ እንዲጽፉ ያዛል። እኔ ከእነርሱ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ። በአንድ ቦታ ግን እለያለሁ። «አንኮንስቲትዩሽናሊቲ» የጌጥ ቃል አይደለም፤ አንድን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወደ ስም ጨምቆ የክርክር ርዕስ ያደርገዋል። በአሜሪካ ችሎት ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ተቃራኒው እስኪታይ ድረስ ሕገ መንግሥታዊ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ይህን ግምት ስም ሰጥቶ መጥራት፣ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንዳለ መናገር፣ ይግባኝ ማለት የሚቻለው ባሕርዩ ስም ሲኖረው ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ዓረፍተ ነገሩ ወደ ስም ሲጨመቅ ባለቤቱ ይጠፋል፤ ማን ሕጉን አወጣው፣ የቱን አንቀጽ ጣሰ፣ በማን ላይ ጉዳት ደረሰ የሚሉት ሁሉ ከስምንቱ ቀለም ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ይህ ስም በሰበር አቤቱታ ላይ ቦታው ነው፤ ለተከሳሽ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን አይደለም።

ሕገ መንግሥቶቹ ራሳቸው በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «አንኮንስቲትዩሽናል» የሚለውን ቃል በውስጡ አልያዘም፤ የበላይ ሕግ መሆኑን በቀጥታ ይናገራል፣ የተቀረውን ተርጓሚዎቹ ሠሩት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9ም የሚናገረው በግስ ነው፤ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የመንግሥት አካል ውሳኔ ተፈጻሚ እንደማይሆን ይደነግጋል። በዚህ አነጋገር የሚቃረነው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚከተልበት ለማንም ግልጽ ነው። «ኢ-ሕገ መንግሥታዊነት» የሚለው ስም የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህ አዋጅ ተቃርኗል ሲል፣ ሌላው አልተቃረነም ሲል፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ሲያዘጋጅና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲወስን፣ የሚከራከሩበት ነገር ስም ያስፈልገዋል።